ከፋብሪካ እስከ ፎርጅድ

በማኅበራችን ዓመታዊ የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ፤ ብቻ ስለ ሰመመን ሕክምና አይሁን» ብሎኛል። አልተቀየምኩም። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው፤ የእኔ ሙያ ደግሞ ሰው ማስተኛት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልናገር መጥቻለሁ። ቃሉ ፋብሪኬት ነው። ሕክምናው በጓሮ በር መግባቱ አይቀርም፤ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኢንጂነሮችም እንዳላችሁ አያለሁ። አንድ የቅርብ ዘመዴ የእናንተ ሙያ ሰው ነው። ለሥራ ሊያመለክት ሲቪውን በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዳርምለት ሰጠኝ። አራተኛው መስመር ላይ «በፋብሪኬሽን የ12 ዓመት ልምድ አለኝ» ይላል። እኔ በራሴ ሲቪ ላይ ይህንኑ ብጽፍ የሥራ ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ለእሱ ቃሉ ብረት መቁረጥ፣ መበየድ፣ መገጣጠም ነው። ለእኔ ግን ያልተደረገ ጥናትን እንደተደረገ፣ ያልተለካ ግፊትን እንደተለካ አድርጎ መጻፍ ነው። ቃሉ ያው አንድ ነው፤ አንዱን ያስቀጥራል፣ ሌላውን ያስባርራል። ይህ እንዴት ሆነ ብዬ ነው መፈለግ የጀመርኩት።

ሥሩ ላቲን ነው። ፋበር ማለት ባለ እጅ ማለት ነው፤ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ብረት የመሰለ ጠንካራ ነገር የሚሠራ ሰው። ቀጥቃጩም ፋበር ነው፣ አናጢውም ፋበር ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቅጽል ይጨመርለታል። በልጅነታችን አባቶቻችን ደህና ቀን ሲገጥማቸው የሚገዙልን የፋበር ካስቴል እርሳስ ላይ ያለው ፋበር የድርጅቱ መሥራች ቤተሰብ ስም ነው፤ ትርጉሙ ግን ይኸው ባለ እጅ ነው። ይህ ባለ እጅ የሚሠራበት ቤት ደግሞ ፋብሪካ ይባላል። አዎ፣ ፋብሪካ። እኛ ስኳር ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ የምንለው ራሱ ቃሉ ነው። ከጣሊያንኛ የተቀበልነው ነው፤ ከመኪና፣ ከጎማ፣ ከካቻቪቴ ጋር አብሮ የገባ። ሐኪሞች ቁስል የምንጠቀልልበት ፋሻም የመጣው በዚያው ጉዞ ነው።

ወደ እንግሊዝኛ ግን ይህ ቃል በሁለት በር ነው የገባው። የመጀመሪያው በር ፈረንሳይ ነው። ፈረንሳዮች ፋብሪካን በአፋቸው ሲያሹት፣ ሲያሳጥሩት ኖረው ፎርዥ አደረጉት፤ እንግሊዞች ተቀብለው ፎርጅ አሉት። ፎርጅ የቀጥቃጭ ምድጃና ቤት ነው። ነገር ግን ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቃሉ የሐሰት ደብዳቤና የሐሰት ማኅተም መሥራትንም ሲያመለክት እናገኘዋለን። ሁለተኛው በር የሊቃውንቱ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የተማሩት ሰዎች ላቲኑን በቀጥታ ወስደው ፋብሪኬት አሉ፤ መሥራት፣ መገንባት ማለታቸው ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ፋብሪኬት ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ንጹሕ ሆኖ ቆየና በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ እሱም እንደ ታላቅ ወንድሙ ተበላሸ፤ ውሸት መፍጠር ማለት ሆነ። በዚያው መቶ ዓመት ፋብሪክ የሚለው ሌላው ልጅ ሕንፃ መሆኑን እየተወ ጨርቅ ሆነ። ባሕር ዳር ወይም ኮምቦልቻ ሄዶ «ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ» የሚለውን ሰሌዳ የሚያነብ የቋንቋ ሰው አንድ ቃል ራሱን በራሱ ሲጠራ ነው የሚሰማው።

አሁን እስቲ ልብ በሉ። ፎርጅ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ምድጃውንና መዶሻውን እዚያው ትቶ ነው የመጣው። እኛ የምናውቀው ፎርጅድ የሚለውን ብቻ ነው፤ ፎርጅድ ዲግሪ፣ ፎርጅድ መታወቂያ፣ ፎርጅድ ደረሰኝ። እንግዲህ ፋብሪካና ፎርጅድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው። አንደኛው በጣሊያን በኩል ዞሮ ቱታ ለብሶ መጣ። ሌላኛው በፈረንሳይና በእንግሊዝ በኩል ዞሮ የሐሰት ማኅተም በኪሱ ይዞ መጣ። አማርኛ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አይተዋወቁም።

ይህ የእንግሊዞች ጠባይ ነው እንዳትሉ። ሮማውያን ራሳቸው፣ ከክርስቶስ ልደት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በፕላውተስ ኮሜዲዎች ውስጥ ፋብሪካ የሚለውን ቃል ለተንኮልና ለማታለያ ዘዴ ይጠቀሙበት ነበር። ቃሉ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነበር የተጠረጠረው።

የእኛም ቋንቋ ቢሆን ያው ነው። ፈጠራ የምንለውን ተመልከቱ፤ የፈጠራ ባለቤትን ስንሸልም አንድ ነገር ነው፣ የፈጠራ ወሬ ስንል ሌላ ነው። ሴት ጋቢ ስታስፈትል፣ ሹሩባ ስትሸርብ ያየ ሰው ሴራም ይሸረባል ይላል። ጠላ እንደሚጠነሰስ ተንኮል ይጠነሰሳል። የተቀነባበረ ምግብ ከፋብሪካ ይወጣል፤ የተቀነባበረ ማስረጃ ደግሞ ከሌላ ቦታ። ገበያ ውስጥ የተታለለ ሰው «ተሠራሁ» ነው የሚለው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፈበረከ ነው። ፊርማ ከጣሊያን መጥቶ ፈረመን እንደወለደ ፋብሪካም መጥቶ ፈበረከን ወለደ። ታዲያ ይህ ልጅ የት ዋለ? አንድ እግሩ «በአገር ውስጥ የተፈበረከ ዕቃ» ላይ ነው፤ ሌላ እግሩ «የተፈበረከ ዜና» ላይ ነው። ላቲን በሮም የሄደበትን፣ እንግሊዝኛ በለንደን የሄደበትን መንገድ አማርኛ ማንም ሳይነግረው በራሱ ጊዜ ሄዶታል። በነገራችን ላይ «ፊርማ ፎርጅ አደረገ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገራችን ሁለት የላቲን የልጅ ልጆች ይዛለች፤ አማርኛው «አደረገ» ብቻ ነው።

ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት አንድ ማብራሪያ አለ። ባለ እጅ የተናቀ ስለነበር ሥራውም ተጠረጠረ ይላሉ። እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ ብሎ የፈራና የሰደበ ኅብረተሰብ ነን፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የሰደቡትን ሰው ማረሻ ይዞ ማረስ፣ በሸክላው ወጥ ሠርቶ መብላት ግን ማንንም አላስቸገረም! ቢሆንም ይህ ማብራሪያ ግማሽ መልስ ብቻ ይመስለኛል። ምክንያቱም ፋክት የሚባል ሌላ ቃል አለ።

ፋክትም ላቲን ነው፤ ትርጉሙ «የተደረገ፣ የተሠራ» ማለት ነው። ማኑፋክቸሪንግ በሚለው ቃል ሆድ ውስጥ ያለውም እሱ ነው፤ ማኑ እጅ ነው፣ የቀረው መሥራት ነው። (በእጅ መሥራት የነበረው ቃል እጅ ላልነካው የማሽን ምርት መጠሪያ ሆኗል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ።) ስለዚህ ልጆቻችን «ፋክት ነው!» ሲሉ እንደ ሥሩ ከሆነ «ሥሪት ነው!» እያሉ ነው። ይገርማል። ውሸቱም የተሠራ፣ እውነቱም የተሠራ ከሆነ ጥፋቱ መሥራት ላይ አይደለም ማለት ነው።

ሐኪም ለሆነ ሰው ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። 120 በ80 የሚለውን ቁጥር ውሰዱ። ይህ ቁጥር በማንም ሰው ክንድ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 ክንድ ላይ የሚታሰርና በአየር የሚነፋ መለኪያ አቀረበ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በ1905 ማዳመጫውን ጨመረበት። እስከ ዛሬ ጎማውን እናስራለን፣ እንነፋለን፣ ቀስ አድርገን እናስተነፍሳለን፤ የመጀመሪያው ምት ሲሰማ አንዱን ቁጥር፣ ድምፁ ሲጠፋ ሌላውን እንይዛለን። የእጅ ሥራ ነው፤ ከሸክላ ሥራ ብዙም አይለይም። ጎማው ቢላላ ወይም ጆሯችን ቢቸኩል ቁጥሩ ይጣመማል። እውነተኛውም ቁጥር ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ ሐሰተኛውም ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ልዩነቱ አንደኛው ሲሠራ የበሽተኛው ክንድ እዚያ መኖሩ ነው።

ይህን ልዩነት ከእኛ ሙያ ሰዎች ሁሉ አጥብቆ ያሳየኝ፣ መጽሐፉን ራሱን ፋብሪካ ብሎ የሰየመው ሰው ነው። አንድርያስ ቬሳሊየስ በ1543 ባዝል ከተማ ላይ ያሳተመው ታላቅ የአናቶሚ መጽሐፍ ስሙ በላቲን «ስለ ሰው ሰውነት ፋብሪካ» ነው። 1543 በእኛ አገር የወይና ደጋ ጦርነት የተካሄደበት ዓመት ነው፤ ለማስታወስ እንዲመቻችሁ። እንግሊዞች ርዕሱን ፋብሪክ እያሉ ስለሚተረጉሙት ተማሪዎች ጨርቅ ይመስላቸዋል። እኔ ብተረጉመው «የሰው ገላ አበጃጀት» እለው ነበር፤ አበጀ የሚለው ቃል እጅም ውበትም አለበት።

ከቬሳሊየስ በፊት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሐኪሞች የተማሩት ከገሌን ነው። ገሌን ትልቅ ሰው ነበር፤ ነገር ግን በሮም የሰው አስከሬን ሊከፍት ስለማይችል ዝንጀሮ፣ አሳማና በሬ ነበር የሚከፍተው። በበግና በበሬ አንጎል ሥር «ተአምረኛው መረብ» ያለው የደም ሥሮች መረብ አለ። ገሌን ይህ በሰውም ውስጥ አለ ብሎ ጻፈ፤ የአንጎልን መንፈስ የሚያጣራው እሱ ነው ብሎ ትልቅ ሥራም ሰጠው። በሰው ውስጥ ግን የለም። ቬሳሊየስ በ1538፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሆኖ ባወጣቸው ስድስት ሥዕሎች ላይ መረቡን ሥሎታል። ያላየውን ሥሎታል ማለት ነው! ይባስ ብሎ በሕዝብ ፊት የሰው ጭንቅላት ሲከፍት የበግ ወይም የበሬ ጭንቅላት በአጠገቡ ያስቀምጥ ነበር፤ ሰውየው ላይ የጠፋውን መረብ ከበጉ ላይ ለማሳየት። ይህን ጠላቱ አይደለም የነገረን፣ ራሱ ነው። በ1543ቱ መጽሐፍ ውስጥ ያንን ሁሉ ያደርግ የነበረው ገሌንን ከመውደዱ የተነሣ እንደሆነ ጽፎ፣ መረቡ በሰው ውስጥ እንደሌለ አሳወቀ። የታችኛው መንጋጋችንም ገሌን እንዳለው ሁለት አጥንት ሳይሆን አንድ መሆኑን አሳየ።

እኔን የሚይዘኝ ያ የበግ ጭንቅላት ነው። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ሌባም አልነበረም። ተማሪዎቹ መጽሐፉን ይዘው ተሰብስበዋል፣ መጽሐፉ «መረብ አለ» ይላል፣ የተከፈተው ገላ ላይ ግን ምንም የለም። ባዶ ቦታ አለ፤ ባዶውን ደግሞ የሚሞላ ነገር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መሥራት ወደ ውሸት የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚጠበቅ መልስ አለ፣ ባዶ ቦታ አለ፣ በቅርብ የሚገኝ በግ አለ።

በእኔ ሙያ ይህ በግ በጣም ሰብቷል። ዮሺታካ ፉጂ የሚባል ጃፓናዊ የሰመመን ሐኪም ነበር። ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣ ማቅለሽለሽና ትውከት፣ በተለይ ግራኒሴትሮን ስለተባለው መድኃኒት፣ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ያወጣ ነበር። በ2000 ሦስት ጀርመናውያን ሐኪሞች ለአንድ መጽሔት ደብዳቤ ጻፉ። የሰውየው ውጤቶች ከመጠን በላይ ያማሩ ናቸው አሉ፤ በብዙዎቹ ጽሑፎቹ ውስጥ መድኃኒቱን የወሰዱትም ያልወሰዱትም ዘንድ ራስ ምታት ያጋጠማቸው በሽተኞች ቁጥር እኩል ነው። ታውቃላችሁ፣ እውነተኛ በሽተኛ እንዲህ አይሰለፍም። አንዱ ይበዛል፣ አንዱ ያንሳል፣ አንዱ ደግሞ ጠፍቶ ይሄዳል። ደብዳቤው ታተመ፤ ሰውየውም መጻፉን ቀጠለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ! በ2012 እንግሊዛዊው የሰመመን ሐኪም ጆን ካርላይል 168 ጥናቶቹን በስታትስቲክስ መርምሮ ቁጥሮቹ በተፈጥሮ እንዲህ ሊገጣጠሙ እንደማይችሉ አሳየ። በዚያው ዓመት የጃፓን የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ 172 ጽሑፎቹ ላይ የፈጠራ መረጃ እንዳለ አስታወቀ፤ ከነዚህ 126ቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈበረኩ ነበሩ። አንድም በሽተኛ አልነበረባቸውም።

«እሱስ ስለ ትውከት ነው፤ ማን ሞተ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጀርመናዊው ዮአኪም ቦልት የጻፈው ደግሞ ከስታርች ተሠርቶ በደም ሥር ስለሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ ደም ለፈሰሰውና በጠና ለታመመ ሰው የሚሰጥ። በ2010 አንድ ጽሑፉ በተፈበረከ መረጃ ምክንያት ተሰረዘ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹ በብዛት ተከተሉ። በ2013 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ትንተና የእሱን ሰባት ጥናቶች ከሒሳቡ ሲያወጣ፣ ፈሳሹ በጠና የታመሙ ሰዎችን ሞትና የኩላሊት ጉዳት እንደሚጨምር ታየ። ሰባቱ ውስጥ ሲገቡ ግን ጉዳቱ ይደበዝዛል። እነዚያን ጽሑፎች እያነበብን ፈሳሹን የምንሰቅለው እኛ ነበርን፤ በየአገሩ፣ በየሌሊቱ።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር ልመለስ። የየትኛው ሆስፒታል ታሪክ እንደሆነ አልናገርም፤ ከእናንተ መካከል ቢያንስ ግማሾቹ «የእኛ ነው» እንደምትሉ ስለማውቅ።

ከዓመታት በፊት ነው፣ ሌሊት ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ሪከቨሪ ክፍል ተኝታለች። ቻርቷን አነሣሁ። ቢፒዋ በየ15 ደቂቃው ተሞልቷል፤ 120 በ80፣ 120 በ80፣ 110 በ70፣ እንደገና 120 በ80። ትንፋሽ በደቂቃ 20፣ 20፣ 20፣ 20። ትንፋሽ 20 ምን እንደሆነ ሐኪሞችና ነርሶች ስቃችኋል፤ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ፣ በአገራችን ዋርዶች ሁሉም ሰው በደቂቃ ሃያ ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። ሕፃንም፣ ሽማግሌም፣ ሳንባ ምች የያዘውም። እጇን ያዝኩ። ቀዝቅዟል፣ ላብ አርሶታል። የልብ ምቷን በጣቴ ቆጠርኩ፤ 136። ግፊቷን ልለካ መለኪያ ብፈልግ ክፍሉ ውስጥ የለም። የነበረው አንድ ነው፤ እሱም ከማታ ጀምሮ ድንገተኛ ክፍል ሄዷል። ቻርቱ ላይ ግን መለኪያው ሳይኖር መለካቱ ቀጥሏል። ማሕፀኗ አልኮማተር ብሎ ደሙ ወደ ውስጥ እየተጠራቀመ ነበር። ተመልሳ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ተረፈች፤ ግማሽ ሰዓት ብንዘገይ ግን ዛሬ ይህን በሌላ ድምፅ ነበር የምነግራችሁ።

ንጋት ላይ ከተረኛዋ ሲስተር ጋር ሻይ ይዘን ቁጭ አልን። ያን ሌሊት ሪከቨሪውንም ዋርዱንም ለብቻዋ ይዛ ነው ያደረችው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቀደም ባለው ወር የራሷን ደም ለበሽተኛ ስትሰጥ አይቻታለሁ። «ሲስተር፣ ለምን ባዶውን አልተውሽውም?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ዶክተር፣» አለችኝ፣ «ባዶ ካዩ ሁሉም ይጠይቁኛል። ሞልቶ ካዩ ማንም አይጠይቀኝም።»

ስለ ፋብሪኬሽን ከዚህ የተሻለ ትርጉም በየትኛውም መዝገበ ቃላት አላገኘሁም። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 ያወጣው የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ ፋብሪኬሽን ማለት መረጃን ወይም ውጤትን ፈጥሮ መመዝገብ ወይም ሪፖርት ማድረግ ነው ይላል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለምን የሚለው የለበትም። ሲስተሯ ለምኑን ነግራናለች። ሣጥኑን የሠራነው እኛ ነን። ባዶ ሆኖ ሲገኝ ጠዋት ሞርኒንግ ላይ የምንጮኸው እኛ ነን፤ «የስድስት ሰዓቱ የት አለ?» እንላለን። «መለኪያው የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲኒየር ግን ስንት አይታችኋል?

መምህሮቻችን አትቀየሙኝና የመመረቂያ ጽሑፍም ያው ነው። 384 የሚለውን ቁጥር የማያውቅ የጤና ምሩቅ የለም። ፎርሙላው ያወጣዋል፤ መልስ ለማይሰጡት አሥር በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። ተማሪው ገንዘብ የለውም፣ ጊዜ የለውም፣ መኪና የለውም፤ 422 ሰው ግን ይጠበቅበታል። ታዲያ አንዳንዴ የማነባቸው ጽሑፎች ላይ የመልስ መጠኑ መቶ በመቶ ነው። በክረምት፣ በጭቃ፣ በገጠር ቀበሌ፣ አንድም ሰው እምቢ አላለም፤ አንድም ሰው ገበያ አልሄደም። እዚህ አዳራሽ ስብሰባ ስንጠራ እንኳ ስንቶቻችን እንደምንመጣ ኮሚቴው ያውቃል! እንዲህ ያለውን ቁጥር ሳይ ፉጂ ትዝ ይለኛል። ምናልባት ልጁ በእውነት ለፍቶ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ለፍተው ነው የሚያመጡት፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የለፋውንና ካፌ ቁጭ ብሎ የሞላውን የምንለይበት መንገድ ከሌለን ለሁለቱም ያው ማዕረግ እንሰጣለን፤ የተበደለው ደግሞ በእግሩ የሄደው ነው።

የእኛ ባች የሚያስታውሳቸው አንድ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፣ ፈገግታችሁ ላይ አየዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ራውንድ ላይ፣ አንድ ጓደኛችን የበሽተኛ ታሪክ እያቀረበ «የልብ ድምፅ፣ ኖርማል» ብሎ አለፈ። ፕሮፍ አስቆሙት። «ሰማኸው ወይስ ጻፍከው?» አሉት። ዋርዱ ጸጥ አለ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ «ጻፍኩት» አለ። ሁላችንም አሁን አለቀለት ብለን ነበር። እሳቸው ማዳመጫቸውን ከአንገታቸው አውጥተው «በል፣ አሁን ስማው። እኛ እንጠብቃለን» አሉት፤ ሃያ ሰው ቆሞ ጠበቀው። ማዳመጫው ላይ ሙርሙር ነበረ። ያ ጓደኛችን ዛሬ የልብ ሐኪም ነው፤ ያንን ቀን ጮኸውበት ቢሆን ኖሮ የሚማረው ልብ ማዳመጥን ሳይሆን በሚቀጥለው ጊዜ ድምፁን አሳምሮ «ሰማሁት» ማለትን ነበር።

ስለዚህ ከመምህሮቻችን ሁለት ነገር ልለምን መጥቻለሁ፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ ስትሆኑ የተሞሉትን መጠይቆች አስመጡ። 422ቱን ሁሉ አይደለም፤ በዕጣ ሃያ አውጡና እዩ። የእጅ ጽሕፈቱ፣ ስርዝ ድልዙ፣ የሻይ ጠብታው፣ ግማሽ ላይ «ሄደች» ተብሎ የቆመው ገጽ ብዙ ይናገራል። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነው መጠየቅ የሚገባው። ተማሪው 422 አቅዶ 260 አግኝቼ ተመለስኩ ካለ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጽፎ እንዲከላከልበት ፍቀዱለት፤ ማርክ አትቁረጡበት።

ሌላው የቻርቱ ነገር ነው። ተማሪዎች በሚለማመዱባቸው ዋርዶች የምንጠቀምበት የቫይታል ሳይን ቅጽ ላይ ለመለኪያው ቁጥር ቦታ አለ፤ ላለመለካቱ ቦታ የለም። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አንድ ገጽ ረቂቅ አዘጋጅተናል። ያው የድሮው ቅጽ ነው፤ በእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብ «አልተለካም» የሚል ትንሽ ሣጥንና ምክንያት መጻፊያ አንድ መስመር ተጨምሮበታል። መለኪያ የለም፣ ሰው የለም፣ በሽተኛው ለራጅ ወጥቷል፣ የሆነው ይጻፍ። ጠዋት ላይ ሲኒየሩ መጀመሪያ የሚያነበው ያንን መስመር ይሁን። በወሩ መጨረሻ ላይ መስመሮቹን ቆጥሮ «በዚህ ወር ለዚህን ያህል ሰዓት መለኪያ አልነበረንም» ብሎ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ካገኘን ለዚያም ቅጽ አለን።

ረቂቁ በመውጫው በር በኩል፣ የስም መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ። ውሰዱት፣ እርሙት፣ አስተያየታችሁን ጀርባው ላይ ጻፉበት። የምክንያቱ መስመር አጠረ ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ እሱን ለማስረዘም ደስተኛ ነኝ።